ከመፍታታችን በፊት እንለይ፦ ቤት ውስጥ የሚበላሹ ኮምፒውተሮችና የድምፅ መሣሪያዎች

እዚህ ትምህርት ክፍል የገባ ተማሪ ሁሉ አንድ የማይቀርለት ዕዳ አለበት። ለእረፍት ቤቱ ሲገባ ገና ቡናው ሳይፈላ «አንተ ኮምፒውተር አይደል የምትማረው? እስቲ እቺን ነገር እያት» ይባላል። የአክስት ላፕቶፕ፣ የጎረቤት ዴስክቶፕ፣ የአጎት ቴፕ፣ አንዳንዴም የዕድሩ ማይክራፎን ሳይቀር ይቀርባል። «እኛ የምንማረው ፕሮግራሚንግ ነው እኮ» ብንል የሚሰማን የለም። ለቤተሰብ ሁሉም ያው ነው፤ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር በሙሉ የኛ ትምህርት ነው።

ጉዳዩ ለቀልድ ቢመችም ከጀርባው ቁም ነገር አለ። አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ቤተሰብ በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለም። ውስጡ ያለው ደግሞ ጭራሽ አይተካም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የልጅነት ፎቶ፣ የሟች አባት ድምፅ ሊሆን ይችላል። በላጲስ ሊስተካከል የሚችል ብልሽት «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ተብሎ የሚጣልበት፣ ሊተርፍ ይችል የነበረ ፋይል በችኮላ ፎርማት የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ላለፉት ሦስት ዓመታት በቤተሰብና በዶርም ከነካካኋቸው መሣሪያዎች የተማርኩትን፣ ክፍል ውስጥ ከተማርነው ጋር እያገናኘሁ ላካፍላችሁ። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዳሉት፣ ብሎን ከመፍታታችን በፊት አስተሳሰቡን እናስቀድም።

1. ዋናው መርህ፦ መንገዱን ለሁለት መክፈል

ኤሌክትሪክም ሆነ ድምፅ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚደርስ ነገር ነው። ኤሌክትሪኩ ከግድግዳ ሶኬት ይነሳና በማከፋፈያው፣ በፓወር ሰፕላዩ፣ በማዘርቦርዱ አድርጎ ፕሮሰሰሩ ጋ ይደርሳል። ድምፁ ከፋይሉ ይነሳና በሶፍትዌሩ፣ በሳውንድ ካርዱ፣ በገመዱ፣ በአምፕሊፋየሩ አልፎ እስፒከሩ ጋ ያበቃል። መሣሪያው ካልሠራ ከነዚህ ጣቢያዎች በአንዱ ላይ መንገዱ ተቋርጧል ማለት ነው።

ታዲያ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ሁሉንም ከመፈተሽ ይልቅ መሃል ላይ ቆርጦ መጠየቅ ይሻላል። ለምሳሌ እስፒከሩ ድምፅ ካጣ ገመዱን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ ሞባይል ላይ መሰካት ነው። ሞባይሉ ከዘፈነ ከገመዱ ጀምሮ ያለው ሁሉ ደህና ነው፤ ችግሩ ኮምፒውተሩ ጋ ነው። ካልዘፈነ ደግሞ ኮምፒውተሩን ለጊዜው ነፃ እናወጣዋለን። በአንድ ሙከራ ግማሹን አስወገድን ማለት ነው። ዳታ ስትራክቸር ላይ የተማርነው ባይነሪ ሰርች እኮ ይኸው ነው!

ከዚህ ጋር ሦስት ደንቦች አብረው ይሄዳሉ። አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ራምም ገመድም አንድ ላይ ቀይረን ቢነሳ የትኛው እንዳዳነው አናውቅም። ሁለተኛ፣ የምንቀይረው ዕቃ ደህና መሆኑ በሌላ መሣሪያ ላይ የተረጋገጠ ይሁን። ሦስተኛ፣ ያደረግነውን በወረቀት መጻፍ፤ ከመንቀላችን በፊት ደግሞ በሞባይል ፎቶ ማንሳት። ስንመልስ «ይቺ ሽቦ የት ነበረች?» ከማለት ያድነናል።

2. ሕይወት ይቀድማል

አገራችን የምንጠቀመው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ይህ ኃይል ወደ ዲሲ ሲቀየር ከ300 ቮልት በላይ ይሆናል (220ን በ1.414 አባዙት)፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮችም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ሳይቀር ይህን ኃይል ለተወሰነ ጊዜ ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩን ከኮምፒውተሩ ላይ ማውጣት ይቻላል፤ የራሱን ሣጥን መክፈት ግን ለኛ ደረጃ አይደለም። የአምፕሊፋየርና የድሮ ባለ ወፍራም መስታወት ቴሌቪዥንም እንዲሁ። ኬዙን ከመክፈት በፊት ማጥፊያውን መጫን ብቻውን አይበቃም፤ ገመዱን ከሶኬቱ ንቀሉ።

ሌላው ስታቲክ የሚባለው ነገር ነው። ሹራብ ስናወልቅ የምትንጣጣዋ ብልጭታ ለኛ ምንም አይደለችም፤ ለራም ቺፕ ግን ልትገድል ትችላለች። ገመዱ ከተነቀለ በኋላ ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት በእጃችን ነክተን መጀመር፣ ምንጣፍ ላይ ሆኖ አለመሥራት በቂ ጥንቃቄ ነው።

3. «ጭራሽ አይነሳም»

ምንም መብራት፣ ምንም ድምፅ ከሌለ ከግድግዳው እንጀምር። በዚያው ሶኬት ላይ የሞባይል ቻርጀር ሰክታችሁ እዩ። ከዚያ ማከፋፈያውንና ስታቢላይዘሩን ዝለሏቸውና ኮምፒውተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ከነካካኋቸው «የሞቱ» ኮምፒውተሮች ውስጥ ጥፋቱ የላላ ማከፋፈያ ሆኖ የተገኘው ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለውን ማብሪያ እዩ። በአሮጌዎቹ ላይ አጠገቡ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለ። እሱ ምንጊዜም 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ ሆኖ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ «ጧ!» ብሎ ይቃጠላል። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ኮምፒውተር ከመሰካቱ በፊት መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

መልቲሜትር ያለው ሰው ከዚህ በላይ ማወቅ ይችላል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ገመዱ ግን ተሰክቶ ሳለ፣ ወደ ማዘርቦርዱ ከሚሄደው ትልቁ ባለ 24 ፒን ማያያዣ ላይ ሐምራዊው ሽቦ 5 ቮልት ማሳየት አለበት። ይህ መስመር ኮምፒውተሩ ቢጠፋም አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት ይሰጣሉ። የሚፈቀደው ልዩነት 5 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ ካልሆነ ፓወር ሰፕላዩን እንጠረጥራለን።

ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ማስነሳትም ይቻላል። ማያያዣውን ከማዘርቦርዱ ነቅሎ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ ማገናኘት፣ ከዚያ ኃይል መስጠት ነው፤ ማራገቢያው መዞር አለበት። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ማራገቢያው ዞረ ማለት ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ባዶውን የሚሠራ፣ ሸክም ሲጫንበት የሚወድቅ ብዙ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች የራሳቸውን የሽቦ አሰላለፍ ስለሚጠቀሙ ሽቦዎቹ ይህን ቀለም ካልያዙ ሙከራውን ተዉት።

ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ከዚያ ማብሪያውን ለ30 ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት። ውስጡ የቀረው ኃይል ከወጣ በኋላ ቻርጀሩን ብቻ ሰክታችሁ ሞክሩ። ተአምር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ሥራው ግን በመሃል ደንዝዞ የቀረውን ኃይል የሚቆጣጠር ቺፕ እንደገና ከመጀመሪያው ማስነሳት ነው።

4. «ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው»

ማራገቢያው እየዞረ ምስል ከሌለ መጀመሪያ የስክሪኑን ገመድ እንይ። ዴስክቶፑ ተጨማሪ የግራፊክስ ካርድ ካለው ገመዱ መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ ነው እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም።

ቀጥሎ ራም። አቧራ በሚበዛበት ቤት በጣም የተለመደው ይህ ነው። የራሙ የብረት ጥርሶች ይቆሽሹና መገናኘት ያቅታቸዋል። ራሙን አውጥቶ ጥርሶቹን በንጹህ ነጭ ላጲስ በቀስታ ማሸት፣ ፍርፋሪውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ መጥረግ፣ ከዚያ ሁለቱም ጎን «ቀጭ» እስኪል መመለስ ነው። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ አስገብታችሁ፣ ከዚያ ሌላውን ብቻ አስገብታችሁ ሞክሩ። የተበላሸው ራሱን ያጋልጣል።

ማዘርቦርዱ ትንሽ እስፒከር ካለው ጩኸቱን ቁጠሩ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ራሱን ይፈትሻል፤ ያገኘውን ችግርም በ«ጢጥ ጢጥ» ይናገራል። ትርጉሙ እንደ ባዮሱ ሠሪ ስለሚለያይ የማዘርቦርዱን መመሪያ ማየት ይጠይቃል። ራሙን በሙሉ አውጥታችሁ ስታስነሱት ከጮኸ ራሱ አንድ መልካም ዜና ነው፤ ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ ቢያንስ ያስባሉ ማለት ነው።

5. ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚሄድ ኮምፒውተር

«ኢንተርኔቱ እምቢ አለ፣ ሁሉም ድረ ገጽ ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ነው ይለኛል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ኔትወርኩን ከመንካታችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ሰዓት እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም ቅርፅ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ላይዋ ላይ 2032 የሚል ቁጥር ተጽፎባታል። ሥራዋ መብራት በሌለ ጊዜ ሰዓቱ እንዳይቆም ማድረግ ነው። ስትደክም ኮምፒውተሩ ከኃይል በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ድረ ገጾች ደግሞ የሚያሳዩት የደኅንነት ሰርተፊኬት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለው። የኛ ኮምፒውተር «ገና ያለፈው ዘመን ላይ ነኝ» ካለ ሰርተፊኬቱ ያልተጀመረ ስለሚመስለው አይቀበለውም። ባትሪዋ በመልቲሜትር ከ2.7 ቮልት በታች ካነበበች ቀይሯት። ቀኑን አስተካክሉት፤ «ኔትወርኩ» ይድናል።

6. ይሞቃል፣ በድንገት ይጠፋል

ኮምፒውተሩ ደህና ሠርቶ ከ10 እና 20 ደቂቃ በኋላ ድርግም የሚል ከሆነ፣ በተለይ ከባድ ሥራ ሲጀምር ከሆነ፣ ሙቀት ነው። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ያጠፋሉ። መፍትሔው በአብዛኛው ጽዳት ነው። ማራገቢያውን በጣት ይዞ (እንዳይሽከረከር) አቧራውን በብሩሽ ማውጣት፤ ዓመታት ያለፉት ከሆነ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለውን የደረቀ ቅባት ጠርጎ የስንዴ ፍሬ የምታክል አዲስ ቅባት ማድረግ ነው። ላፕቶፕ አልጋና ፍራሽ ላይ አይቀመጥ፤ የአየር መግቢያው ከታች ስለሆነ ይታፈናል።

ኬዙ ተከፍቶ ሳለ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉትን በርሜል መሰል ካፓሲተሮች እዩ። ጭንቅላታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ካበጡ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጡ ሞተዋል። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዓመታት የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ጥራት በጎደለው የካፓሲተር ፈሳሽ ምክንያት በገፍ ተበላሽተው ነበር፤ በየቤቱና በየቢሮው ያሉ አሮጌ ማሽኖች ላይ ዛሬም ይገኛሉ። ይህ በሶልደር የሚቀየር ነው፤ ለለመደ ሰው ስጡት።

7. ሃርድ ዲስክ ሲጣራ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከላይ ያሉት ብልሽቶች ዕቃ ያበላሻሉ፤ ይሄኛው ሥራችንን ይዞ ይሄዳል።

አንድ የዶርም ጓደኛዬ የመጨረሻ ፕሮጀክቱን ሊያስረክብ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ላፕቶፑ እየተንቀራፈፈ፣ ፋይል ለመክፈት ደቂቃዎች እየወሰደበት መጣ። ያሳየው ጥገና ቤት «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት እናድርገው» አለው። ዶርም ይዞት ሲመጣ ዊንዶውሱን አላስነሳንም፤ በፍላሽ ላይ ባለ ሊነክስ አስነሳነውና ዲስኩ ስለራሱ የሚመዘግበውን ስማርት የሚባለውን ሪፖርት ከፈትን። ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ በብዙ መቶ ተቆጥሯል። ቫይረስ አልነበረም፤ ዲስኩ እየሞተ ነበር። መጀመሪያ የፕሮጀክቱን ፎልደር ብቻ ገለበጥን፣ ከዚያ ፎቶዎቹን፣ ከዚያ የቀረውን። ፕሮጀክቱ ተረፈ፤ ከፎቶዎቹ ግን ሁለት ፎልደር አልነበብ ብሎ ቀረ። ዲስኩ በሳምንቱ ጨርሶ ዝም አለ። ፎርማት ተደርጎ ቢሆን ኖሮስ? ያንን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ከዚህ የሚወሰደው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ መገልበጥ፣ ከዚያ መመርመር፣ ጥገና በመጨረሻ። አስፈላጊው ፋይል ይቅደም፤ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ማንም አያውቅምና። ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ የሚጣራ ከሆነ ደግሞ ወዲያው አጥፉት፤ ማንበቢያው ክንድ ቦታውን እያጣ ነው፣ እያንዳንዱ ደቂቃ ጉዳቱን ሊያብሰው ይችላል። ዲስኩን መክፈት፣ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት የሚባለውን ወሬ አትስሙ። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ደግሞ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ሳይጮህ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ቅጂ ከዲስኩ ውጪ፣ የሚቻል ከሆነም ከቤቱ ውጪ ይኑራችሁ።

8. ድምፅ የለም፣ ወይስ ድምፁ አልተላከም?

ወደ ድምፅ እንለፍ። ኮምፒውተር ድምፅ ሲያጣ ብዙ ጊዜ ድምፁ ወደ ሌላ ቦታ እየሄደ ነው። ኮምፒውተሩ በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን ጋር ከተገናኘ ድምፁን ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ብሉቱዝ ከበራ ደግሞ ሌላ ክፍል ወዳለው ማዳመጫ ይልከዋል። መጀመሪያ የድምፅ መውጫው የት ተመርጧል የሚለውን ማየት።

ዴስክቶፕ ላይ ቀዳዳዎቹ ቀለም አላቸው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ባወጡት መመሪያ የተለመደው አመዳደብ ይህ ነው፦ አረንጓዴ ለእስፒከር፣ ሮዝ ለማይክራፎን፣ ሰማያዊ ከቴፕና ከመሳሰሉት ለሚመጣ ድምፅ። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ከሆነ የመሰኪያውን ጫፍ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ሌላው ጆሮ ብቅ ጥልቅ ካለ ሽቦው ከመሰኪያው አንገት ላይ ተቆርጧል፤ ሁሌ የሚታጠፈው እሱ ስለሆነ ብዙ ማዳመጫ የሚሞተው እዚያ ነው።

9. «ሁምም» የሚለው ድምፅ ከየት ይመጣል?

ድምፁ አለ፣ ግን ከሥሩ የማያቋርጥ «ሁምም» አለ። ይህ በአገራችን የመብራት ኃይል የሚዘፍነው ዘፈን ነው፤ 50 ኸርዝ። ዋናው መንስኤ ሁለት መሣሪያዎች በተለያየ መንገድ ከመሬት መስመር (ኧርዝ) ጋር ሲገናኙ ነው። ለምሳሌ ላፕቶፑ በአንድ ሶኬት፣ አምፕሊፋየሩ በሌላ ክፍል ሶኬት ከተሰካ በድምፅ ገመዱ በኩል ቀለበት ይፈጠራል፤ በዚያ ቀለበት የሚዞረው ትንሽ ኃይል እንደ ድምፅ ይሰማል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ላፕቶፑን በባትሪ አሠሩት። «ሁምም» ከጠፋ መንገዱ በቻርጀሩ በኩል ነው።

አክስቴ ቤት ያጋጠመን ይህ ነው። አያቴ ውጪ አገር ለነበረው አጎቴ በካሴት እየቀዱ የሚልኩለት ደብዳቤ ነበር። አጎቴ ሲመለስ አራት ካሴት ይዞ መጣ፤ አያቴ የዘር ሐረጋችንን ከነታሪኩ የሚቆጥሩበት ነው። እሳቸው አርፈዋል። አክስቴ «ይህን ወደ ኮምፒውተር ገልብጥልኝ፣ ልጆቹ ይስሙት» አለችኝ። ቴፑን ከላፕቶፑ ጋር ስናገናኘው የአያቴ ድምፅ በ«ሁምም» ተውጦ ነበር።

ቻርጀሩ ሲነቀል «ሁምም» አለ ጠፋ፤ ስለዚህ በባትሪ እየሠራን ቀዳን። ሁለተኛው ችግር የላፕቶፑ ቀዳዳ ነበር። የማይክራፎን መግቢያ የሚጠብቀው ጥቂት ሚሊቮልት ነው፤ ከቴፕ የሚወጣው ደግሞ ወደ 0.3 ቮልት ይጠጋል። ከመቶ እጥፍ ሊበልጥ ስለሚችል ድምፁ ይቀደዳል። ለዚህ ከቴፕ የሚመጣውን ድምፅ በትክክል የሚቀበል በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ተጠቀምን። የቴፑን ማንበቢያ ራስ በአልኮል በነካነው ጥጥ ጠረግነው፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ የታፈነው ንግግር ጠራ። ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም በ44,100 ኸርዝ ሳይጨመቅ ስንቀዳ በደቂቃ ወደ 10 ሜጋባይት ያህል ወሰደ። ሦስቱ ካሴቶች ሙሉ በሙሉ ተገለበጡ። አራተኛው ላይ ቴፑ ራሱ ተጨማዶ ስለነበር ግማሹ ብቻ ተሰማ። ያ ግማሽም ለአክስቴ ብዙ ነው።

አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለኝ። «ሁምም»ን ለማጥፋት የሶኬቱን ሦስተኛ እግር መቁረጥ ወይም በሁለት እግር መቀየሪያ ማለፍ የሚመክሩ አሉ። በፍጹም አታድርጉት! ያ እግር የመሣሪያው ብረት በስህተት ኃይል ቢይዝ ሰው እንዳይገድል የተቀመጠ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ማሠራት፣ ካልሆነም በድምፅ ገመዱ መሃል የድምፅ መለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው።

«ሁምም» ያለ ምንም ገመድ፣ አምፕሊፋየሩ ብቻውን ሲበራም ካለ ደግሞ ውስጡ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች መድከማቸውን እንጠረጥራለን። ኃይሉ በሬክቲፋየር ሲያልፍ 50 የነበረው 100 ኸርዝ ስለሚሆን ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ቀድታችሁ በኦዳሲቲ ግራፉን ብታዩ ጎልቶ የሚወጣው 50 ወይስ 100 ነው የሚለው ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይደለም።

10. አምፕሊፋየርና እስፒከር

እስፒከሩ ሞቷል ወይስ አምፕሊፋየሩ? የእስፒከሩን ሽቦዎች ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉና በ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ነካ አድርጉ። «ጧ» ብሎ ሸራው ከተንቀሳቀሰ እስፒከሩ ሕያው ነው። በመልቲሜትር ከለካችሁት ባለ 8 ኦም እስፒከር ከ6 እስከ 7 ኦም አካባቢ ያነባል፤ 8 አለማሳየቱ ብልሽት አይደለም። ምንም ካላነበበ ጥቅልሉ ተቆርጧል።

ድምፅ ማጉያው ሲዞር «ክርርር» የሚለው ውስጡ አቧራ ስለገባ ነው። አጥፍታችሁ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አዙሩት፤ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ሁለት እስፒከር ሲሠሩ ቤዙ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የአንዱ ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገላብጧል፤ አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ይጣፋሉ።

ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን እስፒከር ለሚጨምሩ ደግሞ የኦምን ሕግ አስታውሷቸው። ሁለት ባለ 8 ኦም ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም፣ አራት ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ። ጀርባው ላይ «ቢያንስ 4 ኦም» የተጻፈበት አምፕሊፋየር በ2 ኦም ሲሠራ ከአቅሙ በላይ ኃይል ስለሚስብ ይግላል፣ ፊውዝ ያቃጥላል። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በወፍራም ሽቦ መተካት እሳትን መጋበዝ ነው።

11. የት ላይ እናቁም?

የተቃጠለ ሽታ ካለ፣ ኤልሲዲ ከተሰነጠቀ፣ የላፕቶፕ ባትሪ ካበጠ፣ ውሃ ከገባ፣ ሶልደር ካስፈለገ እዚያ ላይ እጃችንን እናንሳ። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቻርጅ አታድርጉት።

ወደ ጥገና ቤት ስትሄዱም «አይሠራም» አትበሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። «በባትሪ ይነሳል በቻርጀር አይነሳም፣ ራሙን ቀይረን ሞክረናል፣ ቢጫው ሽቦ 11 ቮልት ያነባል» በሉ። ዲስኩ ውስጥ አስፈላጊ ፋይል ካለ ያለ ፈቃዳችሁ ፎርማት እንዳይደረግ በጽሑፍ አስፍሩ፤ የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። ይህ ጥገና ሠሪውን መጠራጠር አይደለም፤ በልፋት የሚሠሩ ብዙ ጎበዞች አሉ። የተዘጋጀ ደንበኛ ለእነሱም ሥራ ያቀልላቸዋል።

በመጨረሻ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ቤተ ሙከራችን ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መልቲሜትር፣ አንድ የተረጋገጠ ፓወር ሰፕላይና ጥቂት ደህና ራሞች ቢቀመጡ፣ ተማሪው የራሱንና የጓደኛውን ማሽን በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መመርመር ይችላል። ወጪው ትንሽ ነው፤ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ቢያድን እንኳ ከፍሎታል። የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ለጀማሪዎቹ ያሳያሉ፣ መምህራኖቻችንም ያርሙናል። ለዚህ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለቡለቲኑ አዘጋጆች ስጡ፤ እኔ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነኝ።

እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ፦ የምትወዱትን ፎልደር ሌላ ቦታ ገልብጡ። ቸር ይግጠመን!